የዳማ ጉልበት

ሕመም መጥፋቱን ትቶ ከአንዱ ወደ ሌላው መዛወር ከጀመረ ወዲህ፣ ቢሾፍቱ ውስጥ የእንስሳት ክሊኒክ የሚያማርጥ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው፣ "ሕመሙ ወደ ማን ይሄዳል?" ብሎ ነው።

ትርንጎም የውሻዋ የዳማ ጉልበት ካበጠ ጀምሮ ይህንኑ ስትጠይቅ ሰነበተች። የሚኖሩት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዳማ በየደረጃው ሲያርፍ እሷ ቆማ ትጠብቀዋለች።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ሰማያዊ ግድግዳ ላይ የብርሃን ዓሦች ይዋኛሉ። እንግዳ ተቀባይዋ፣ "ለማታውቂው ሰው ነው የምንልከው፤ ምንም አታስቢ" አለቻት። ትርንጎ ዳማን አቅፋ ወጣች።

ሁለተኛው ሐይቁ ዳር ነው። ሽማግሌው ዶክተር ቶሎሳ እያነከሱ በሩን ከፈቱላት።

"እግርዎን ምን ሆኑ ዶክተር?"

"የአንዲት ድመት ነው" አሉ ፈገግ ብለው። ከዚያ ዳማን ዳበስ አድርገው፣ "የእኔ ግራ እግር ገና ደህና ነው፤ ያንተን ሕመም እዚያ እናደርገዋለን" አሉት።

"አይሆንም" አለች ትርንጎ። "ወደ እኔ ያዛውሩት።"

ቤት ሲመለሱ የሐይቁ ብርሃን በመስኮት ገብቶ የሕንፃቸው ደረጃ ላይ ይወዛወዝ ነበር። ዳማ እንደ ቡችላ እየዘለለ ወጣ። ትርንጎ የብረት መደገፊያውን ይዛ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ቆመች።

ዳማ ከላይ ዞር ብሎ አያት። ተመልሶ ወረደና አጠገቧ ተቀመጠ። አንድ ስትወጣ አንድ ይወጣል፤ ስታርፍ ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል።