ውሃ አልጠፋብኝም

"ሰፈርዎት የት ነው?" ይለኛል የፓምፕ ጣቢያው ተረኛ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ። የአቤቱታ መዝገቡን ገልጦ እስክሪብቶውን አዘጋጅቷል። "ውሃው ከጠፋ ስንት ቀን ሆነው?"

"አልጠፋም።"

"ቧንቧ ፈንድቶ ነው?"

"አልፈነዳም፤ ይመጣል። እኔ የመጣሁት ላመሰግን ነው።"

እስክሪብቶው አየር ላይ ይቀራል። ጎህ ሳይቀድ ሹራቧን ደርባ በር የምታንኳኳ ባልቴት ጤነኛ መሆኗን በዓይኑ ይመረምራል። አልፈርድበትም፤ እኔም እርግጠኛ አይደለሁም።

ነገሩ የልጄ ጣጣ ነው። አባቷ ከሞተ ወዲህ፣ ስምንት ወር ሙሉ፣ ዕድሜዬን የፈጀሁበትን የስፌት መኪና ጨርቅ አልብሼው ቁጭ ብያለሁ። ልሸጠው ነው ስላት ከስልኳ ላይ አንድ ዝርዝር ገልብጣ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችልኝ፤ ሰውን ደስተኛ የሚያደርጉ የየዕለት ልማዶች ይላል። ማልዶ መነሳት፤ መች ተኛሁና። በእግር መሄድ። በቀን አንድ አመስግነሽው የማታውቂውን ሰው ማመስገን። "ሠላሳ ቀን ሞክሪው፤ ካልሆነልሽ ያኔ ሽጪው" አለችኝ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ብላትም የልጅ ነገር ሆኖብኝ እሺ አልኩ።

ዛሬ ሠላሳኛው ቀን ነው። የስፌት መኪናው ገዢ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ፖስተኛውን፣ ቆጣሪ አንባቢውን፣ ዓይኗን ማየት የማልፈልገውን ጎረቤቴን ሳይቀር አመስግኜ ጨርሻለሁ፤ ልቤ ግን ያው ነው። ዛሬ ፊቴን ስታጠብ፣ ለመሆኑ ይሄን ውሃ ማን ነው የሚልከው ብዬ መጣሁ።

"እንግዲህ አመሰግናለሁ፣ ወንድሜ" ብዬ ልወጣ ስል ከወንበሩ ይነሳል። በዕድሜ ልጄ አይሆንም፣ ታናሽ ወንድሜ ግን ይሆናል። የቱታው ብብት ተተርትሯል። የልብስ ሰፊ ዓይን አይተኛም፤ ስገባም መጀመሪያ ያየሁት ትርትሩን ነው።

"እዚህ ስሠራ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው" ይለኛል። "ሳይማረር በዚህ በር የገባ ሰው አላየሁም። ይምጡማ፣ እትዬ፤ ሰዓቱ ሊደርስ ነው።"

"የምኑ ሰዓት?"

አይመልስልኝም። የብረቱን በር ሲከፍተው የፓምፑ ድምፅ ከእግሬ ገብቶ ጥርሴን ያንቀጫቅጨዋል። ከእኔ ቁመት የሚበልጥ ቧንቧ አዳራሹን ሰንጥቆ ያልፋል። "ይንኩት፤ ወደ እናንተ የሚሄደው ይኼ ነው" ይለኛል። እነካዋለሁ። እንደ ትልቅ በሬ ጎን ይርገበገባል።

ከቧንቧው በላይ የግድግዳ ሰዓት የሚያህል የግፊት መለኪያ ተሰቅሏል። መርፌው ቀጥ ብሎ ቆሟል።

"ሌሊቱን አይነቃነቅም፤ ሰው ተኝቷል" ይላል። "አሁን ይዩት።"

ጎን ለጎን ቆመን እንጠብቃለን። መርፌው ይንቀጠቀጥና ፀጉር ታህል ዝቅ ይላል። ትንሽ ይቆያል። ደግሞ ዝቅ ይላል።

"ተነሱ። ቧንቧ ሲከፈት ግፊቱ ይወርዳል። ፊታቸውን እየታጠቡ ነው።"

መርፌው ይወርዳል። አንዷ ነርስ ተነስታለች፤ አንዱ ሹፌር ተነስቷል፤ የሆነች እናት እንቅልፉን ያልጨረሰ ልጇን እያባበለች ታጥባለች። ያቺ ጎረቤቴም አለችበት። ያ ሁሉ ቤት፣ ያ ሁሉ እጅ፣ በአንዲት ቀጭን መርፌ።

"የእኔም አለበት?"

"እንዴታ። በየቀኑ።"

ባሌ ከሞተ ወዲህ ተነሳሁ አልተነሳሁ ለማንም ምንም አይደለም ስል ከርሜያለሁ። ለካ በየማለዳው ፊቴን ስታጠብ ይኼ ሰው እዚህ ቆሞ ይጠብቀኝ ኖሯል።

ቆቡን ያወልቃል። "እንደምን አደራችሁ" ይለዋል መርፌውን፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ እዚያ መኖሬ ትዝ ይለውና ያፍራል። "ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ እትዬ። በየቀኑ እላቸዋለሁ። እሱን ካልኩ ደስ ብሎኝ እውላለሁ።"

"የሚመልስልህስ?"

"ኧረ ማን ይመልሳል።"

ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ። ለአንድ ከተማ ሰው ሁሉ መልስ መስጠት ቀላል አይደለም።

"ደህና አደርን" እለዋለሁ። "ሁላችንም። እግዜር ይመስገን።"

ክንዱን አንስቶ ፊቱን በእጅጌው ሲጠርግ ብብቱ ጭራሽ ይተረተራል። መርፌው አሁንም እየወረደ ነው።

"ከሥራ ስትወጣ ቱታውን አምጣልኝ" እለዋለሁ። "የስፌት መኪና አለኝ።"