የአያ አራጌ እጅ ለምን ተንቀጠቀጠ?

«አያ አራጌ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከሽማግሌ ጋር አይቀመጡም!»

ሽማግሌዎቹ ይህን ያሏቸው ቆቦ አጠገብ፣ አገሩ ሁሉ በተሰበሰበበት ዛፍ ስር ነው...

አያ አራጌ እኮ ሃያ ዓመት ደም ያደረቁ ሰው ናቸው። የገዳይንና የሟችን ቤተሰብ አስታርቀው ስንቱን በቀል አስቀርተዋል!

ጥፋታቸው ምን መሰላችሁ?

ለሽምግልና ሊቀመጡ «አላዳላም» ብለው ሲምሉ፣ የዘረጉት ቀኝ እጃቸው ተንቀጠቀጠ... በቃ!

እኛ ጋ ሲምል እጁ የተንቀጠቀጠ ዋሽቷል ይባላል።

«አምና በአንድ ልጅ ግድያ ሲሸመግሉ አድልተው ፈርደዋል! ልጇ የተገደለባት እናት እንባ ነው የያዛቸው» ተባለ።

ተዋቸው የሚባለው ልጃቸው ደሴ ወስዶ የጭንቅላት ሲቲ ስካን አስነሳቸው። ምንም አልታየም...

«ማሽኑም በሽታ የለብህም አለ። በል አባ፣ ያጠፋኸውን ተናዘዝ!»

አይ ልጅ! የወለደን አባት እንደ ሌባ ማፋጠጥ!

በሳምንቱ አንዲት ሴት ከሮቢት መጥታ፣ እጃቸውን ይዛ አዲስ አበባ ወሰደቻቸው።

ሐኪሙ አረማመዳቸውን አይቶ ጠረጠረ።

«ይሄ በተለመደው ምርመራ አይታይም። በረቀቀው ኤምአርአይ እንያቸው።»

ታየ... እንቅስቃሴን የሚያዘው የአንጎላቸው ክፍል ተጎድቷል። ፓርኪንሰን! በሽታ ነው እንጂ እርግማን አይደለም።

«ልጃቸው ነሽ?» አላት ሐኪሙ።

«አይደለሁም» አለች።

ከሳቸው ጋር ቆቦ ተመልሳ፣ የምርመራውን ፊልም ይዛ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመች።

ማን መሰለቻችሁ? ሀጀራ... ያቺው ልጇ የተገደለባት እናት!!!

«ወላሂ አላለቀስኩባቸውም! አንዱን ልጄን አፈር በላው። ታናሹ ደም ልመልስ ብሎ ጠመንጃ ሲያነሳ ያስቀሩት እሳቸው ናቸው። ዛሬ ልጅ ያለኝ በሳቸው ነው! በኔ እንባ እንድትፈርዱ ማን ወከላችሁ?»



ሽማግሌዎቹ ተነስተው ቦታቸውን ለቀቁላቸው። ልጅየው ተዋቸው ግን ቀና ብሎ አባቱን ማየት አቃተው።

እኔ ግን ንዴቴ አልበረደልኝም! የሃያ ዓመት እውነት ለአንድ እጅ መንቀጥቀጥ ይካዳል?

ወገኖቼ፣ ያላወቅነውን በሽታ ኃጢአት አናድርገው። ማሽን ሳያየው ቢቀር እንኳ፣ ሰውየውን የምናውቀው እኛ ነን!

እናንተስ... በሰፈራችሁ የታመመን ሰው «የእጁን አገኘ» ሲሉ ሰምታችሁ ዝም ብላችኋል ወይስ ተናግራችኋል? እውነቱን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።