ሁለተኛው ቀዳዳ

«ምላጭ!» ይላል ዶክተሩ እጁን ዘርግቶ። አልሰጠውም።

የከባድ መኪናው ሾፌር ማደንዘዣ ወስዶ በሆዱ ተኝቷል። ወገቡ ላይ የጥፍር ያህል ጠባሳ አለ፤ ከሦስት ወር በፊት ይኸው ዶክተር የሠራው። ዶክተሩን እኛ ነርሶች ከኋላው «አንድ ቀዳዳ» እያልን ነው የምናማው። «ወገብ መሰንጠቅ ድሮ ቀረ! አንድ ቀዳዳ፣ አንድ ካሜራ፣ በማግስቱ ቤትህ!» ብሎ ያልደሰኮረበት በሽተኛ የለም።

ያን ጊዜ ለራጅ ጊዜ አላጠፋም ብሎ የወገቡን አጥንት በጣቱ ዳብሶ ቆጠረ። ከታመመው ቦታ አንድ አጥንት ከፍ ብሎ ገባና በአጥንቶቹ መሃል ያለውን ደህናውን ዲስክ ቦርቡሮ ወጣ። እኔ ከዳሌው ጀምሬ በዓይኔ ስቆጥር መሳሳቱን አውቄያለሁ። ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ውሸት ነው። ሾፌሩ ሦስት ወር ሙሉ እግሩን እየጎተተ ሲመላለስ፣ ያ ጉረኛ ዓይኑን በጨው ታጥቦ «ዕቃ አንስተሃል፣ አላረፍክም» እያለ ሲቆጣው፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ ካርድ አቀብል ነበር።

«ሲስተር፣ ጆሮሽ ተደፈነ እንዴ?»

«መጀመሪያ ራጅ ይነሳ፣ ዶክተር።»

«የኔ ጣት መቼ ተሳስቶ ያውቃል?»

«ባለፈው ተሳስቷል። እዚሁ ሰውዬ ላይ።»

ማደንዘዣ ሰጪው ምንም እንዳልሰማ ሞኒተሩ ላይ ያፈጣል፤ እሱም እንደኔ ፈሪ ነው። ዛሬ ግን ምላጩን አልለቅም።

ራጁ ይነሳል። ዶክተሩ በጣቱ ዳብሶ ለቦታ ምልክት የተከላት መርፌ ዛሬም አንድ አጥንት ከፍ ብላለች። ዶክተሩ ስክሪኑን አየት ያደርግና «አጣማችሁ ነው ያስተኛችሁት» ይላል። መርፌዋን ዝቅ ያደርጋል። ምላጩን እሰጠዋለሁ።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ የወጣው፣ ነርቩን ተጭኖ የነበረው የዲስክ ቁራጭ ከአተር ፍሬ ብዙ አይበልጥም። ያን የሚያህል ሰው ያጎበጠው ይኸው ነው።

ሾፌሩን በጀርባው አገላብጠን ስናነቃው መጀመሪያ የእግሩን ጣቶች ያነቃንቃል። ከዚያ እንባው ይወርዳል። «እግሬ... አያቃጥለኝም!» ይላል። የዶክተሩን እጅ ፈልጎ ይይዛል።

«ዶክተር፣ ባለፈው ስላስቸገርኩዎት ይቅር ይበሉኝ። አላረፍኩም መሰለኝ።»

ልነግረው አፌን እከፍታለሁ። ዶክተሩ ይቀድመኛል።

«ይሁን፣ ይቅር ብዬሃለሁ» ይለዋል ትከሻውን መታ መታ አድርጎ።

ሾፌሩ ያንን እጅ ሊስም ቀና ይላል። አንገቱ እንዳይደክም ትራሱን ከፍ አደርግለታለሁ።