ቦታ አልቋል

«ሰው ገባ እንዴ?» እለዋለሁ የበሩን ዘበኛ፣ ከአስተዋዋቂው ጠረጴዛ አንገቴን አስግጌ።

«ገብቷል እንጂ! አንተ ገብተሃል፣ እኔም አለሁ። ጽዳቷም መጥረጊያዋን ረስታ ብቅ ብላ ነበር።»

ጨዋታው ሊጀመር ሩብ ሰዓት ቀርቶታል። የኮሌጁን አዳራሽ የሠራው መሐንዲስ ሁለት ሺህ ሰው ይይዛል ብሎ ነበር፤ በኔ ማይክ ግን ሦስት ሺህ የያዘበት ቀን አለ። ሰው መሰብሰብ ለኔ ውሃ መጠጣት ነው። አንዴ አደባባይ ላይ ሁለት ጊዜ ባስነጥስ ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ሕዝቡን በትኗል።

ዛሬ ግን ዝንብም የለ።

ዘዴው የኔው ነው። ተማሪ ማለት ና ሲሉት የሚተኛ፣ አትምጣ ሲሉት አጥር ዘሎ የሚመጣ ፍጥረት ነው። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት በየዶርሙ በር፣ በየካፌው ግድግዳ፣ መጸዳጃ ቤት ሳይቀር በቀይ ቀለም ጽፌ ለጠፍኩ፦ «የቅዳሜው የሴቶች ቅርጫት ኳስ ጨዋታ፣ ቦታ አልቋል!» አርባ ወረቀት ነው፤ አራት መቶ በሉት። ግፊያው በሩን እንዳይገነጥለው ብዬ ዘበኛውን ሰንሰለት ሁሉ አስመጥቼዋለሁ።

ሁለት ተማሪዎች ደብተራቸውን ታቅፈው በደጅ ሲያልፉ አያለሁ። ሮጬ እወጣለሁ።

«ልጆች! ግቡ እንጂ!»

«ቦታ አልቋል ተብሎ የለ?» ይላል ልጁ። «ዶርሙ ሁሉ ተስፋ ቆርጦ ከተማ ወርዷል።»

«ባዶ ነው እኮ! አንድ ነፍስ የለም!»

ተያይተው በሳቅ ይፈርሳሉ። «ጋሼ ሺህ! እርስዎና ባዶ አዳራሽ? ኧረ ይተዉን!» ይህን ስም ያወጡልኝ በየጨዋታው «ዛሬም ከሺህ በላይ ተመልካች!» ስለምል ነው።

«በእናቴ ሞት!»

«ባለፈውም በእናትዎ ነበር የማሉት፤» ትላለች ልጅቷ፣ ጓደኛዋን በክንዱ እየጎተተች።

ስመለስ የተማሪዎች ዲኗ በሌላኛው በር ገብተው ቆመዋል። መዳፋቸው ውስጥ በአውራ ጣት የምትጫን ትንሽ መቁጠሪያ ይዘዋል። ቀደም ብለው የጻፉልን ደብዳቤ ግልጽ ነው፦ ዛሬ ሦስት መቶ ተመልካች ካልተገኘ የሴቶቹ ቡድን ይፈርሳል። ቡድኑ ሲፈርስ የተጫዋቾቹ ነፃ ትምህርትም አብሮ ይቀራል። አምበሏ ደግሞ የወንድሜ ልጅ ናት። ወንድሜ «አደራህን» ሲለኝ፣ «እኔ እያለሁ? ስትመረቅ ከተማው በሙሉ ይዘጋል!» ብዬ ደረቴን የመታሁ ሰው ነኝ።

ጠቅ። ዲኗ የእንግዳውን ቡድን ሹፌር ይቆጥራሉ። ጠቅ። ነርሳቸውን። ከዝናብ ሊጠለሉ የገቡ አምስት የግንባታ ሠራተኞች፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ።

«እኔንም ይቁጠሩኝ እንጂ!»

«ሠራተኛ አይቆጠርም።»

«እኔ እኮ ብቻዬን ሃምሳ ሰው አክላለሁ፣ እሜቴ።»

አይስቁም። መቁጠሪያቸውን አይተው ሰዓታቸውን ያያሉ። «ጀምሩ በቃ። ማንን ነው የምትጠብቁት?»

የልብስ መቀየሪያው ክፍል በር በትንሹ ይከፈታል። የወንድሜ ልጅ ጭንቅላቷን ብቻ አውጥታ ታየኛለች። ከዚያ ቦታ የኔ ጠረጴዛ እንጂ የተመልካቹ ወንበር አይታይም።

«አጎቴ፣ ሞልቷል?»

በሌላ ቀን ቢሆን «ጢም ብሏል! ጣራው ላይ የወጡም አሉ!» እላት ነበር። አፌን እከፍታለሁ። ሲነጋም ሲመሽም የማይዘጋው አፌ አንዲት ቃል አጥቶ ይቀራል።

«ምነው ዝም አልክ?» ትላለች። ቆይታ ደግሞ ድምፅዋ ዝቅ ይላል። «አንተ ዝም ካልክማ ማንም የለም።»

«የኔ ልጅ፣ ወረቀቱ እኮ...»

«አባዬ ከደወለ የቡድኑን ነገር ገና አላወቅንም በለው። እኔው ራሴ እነግረዋለሁ።» ጸጉሯን ወደ ኋላ ስባ ታስረዋለች። «አሁን ጥራን።»

እጠራቸዋለሁ። አስራ ሁለቱም አንድ በአንድ ይገባሉ፤ እንደገቡ ቀና ብለው ወንበሩን ያያሉ፣ ከዚያ ጫማቸውን። ዳኛው ፊሽካውን ይነፋል። ኳሷ ወለሉን ስትመታ፣ ዕቃው ወጥቶ ባለቀ ቤት ውስጥ ሚስማር የሚመታ ይመስላል። ዝናቡ ያባራና የግንባታ ሠራተኞቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ። ዲኗ መቁጠሪያቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተው ይከተሏቸዋል።

የወንድሜ ልጅ ከሩቅ ትዘላለች። ኳሷ ቀለበቱን ሳትነካ መረቡን ብቻ ሿ አድርጋ ትገባለች። ሦስት ነጥብ! በሃያ ዓመት የማይክ ዘመኔ እንዲህ ያለ ጎል አላየሁም፤ ይህ ደግሞ እውነት ነው።

ማይኩን አስቀምጬ ተነስቼ አጨበጭባለሁ። ጭብጨባዬ ከማዶው ባዶ ወንበር ደርሶ ይመለሳል፤ እዚያ አንድ ሰው ተቀምጦ የሚያጨበጭብ ይመስላል።

የወንድሜ ልጅ ወደ ማዶ ትዞራለች። ጀርባዋን ለኔ ሰጥታ፣ ለባዶው ወንበር እጇን ታነሳለታለች።