የቁልቁለቱ አፋፍ

በጀርባዬ ተንሸራትቼ መኪናው ሥር ገብቻለሁ። ጉድጓድ እሸሻለሁ ብዬ የወጣሁበት ድንጋይ የመታን እዚህ ጋ ነው፤ ብረቱ ተልጦ ያበራል። ከኋላ ጎማው አጠገብ አንድ ጠብታ ይንጠለጠላል፣ ይወፍራል፣ ይወድቃል። ሌላ ይተካል።

«አንተ ልጅ፣ ተኛህ እንዴ?» ትላለች እናቴ ከላይ።

«እያየሁ ነው፣ እማዬ።»

«እይ እንግዲህ። ከሁለታችን ዓይን ያለህ አንተ ነህ።»

ጠዋት እንጨት ስትፈልጥ ስንጣሪ አንድ ዓይኗ ውስጥ ገባ። የጤና ጣቢያው ሐኪም እንዳይንቀሳቀስ ብሎ ሁለቱንም በፋሻ ሸፈናቸው። ከዚያ በሩ ጀርባ ወስዶኝ፣ ለእኔ ብቻ፣ «ዛሬውኑ ሆስፒታል አድርሳት፤ ካደረ ዓይኑ ይጠፋል» አለኝ። ሆስፒታሉ ከዚህ ቁልቁለት ግርጌ ነው። ጣራው ይታየኛል።

ቅድም ወንዝ ተሻግረናል። ውሃ ነው የሚንጠባጠበው። ውሃ ይሁን። በሐሳቤ ደርሻለሁ እንኳ፤ ነርሷ ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ወደ እኛ ስትመጣ አያታለሁ። ጠብታውን ተቀብዬ በሁለት ጣቶቼ መሃል አፋትገዋለሁ። ያሟልጫል፤ ውሃ አይደለም፣ ዘይት ነው።

ወጥቼ መሪው ፊት እቀመጣለሁ።

«ምን አገኘህ?»

«ትንሽ ተጭራለች።»

«አለቀልህ በለኛ! የእህትህ ባል እንደ እንቁላል ያዛት ብሎ አይደል የሰጠህ?» ትስቃለች። ሳቁ ዓይኗን ወጋው መሰለኝ፣ ድንገት ቀጥ ትላለች።

ሞተሩን አስነሳለሁ። የእጅ ፍሬኑ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ጎማው ሥር ያደረግሁት ድንጋይ ነው የያዘን። የእህቴ ባል መንዳት ሲያስተምረኝ፣ ከተጠራጠርክ ፍሬኑን ረግጠህ ያዝ፣ ደህና ከሆነ ባለበት ይቆያል ብሎኛል። እረግጣለሁ። ይቆማል። እፎይ ልል ስል ፔዳሉ ከእግሬ ሥር መሄድ ይጀምራል፤ ቀስ ብሎ፣ እንቅልፍ እንደሚወስደው ሰው። ዝቅ። ዝቅ። ወለሉ ጋ እስኪደርስ። እደግመዋለሁ። ያው ነው።

ፊት ለፊታችን መንገዱ ይታጠፋል፤ ከመታጠፊያው ወዲያ አየር ብቻ ነው። በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብዬ ብወርድስ? እጄን ማርሹ ላይ አደርጋለሁ።

«ሐኪሙ ያለህን ሰምቻለሁ እኮ» ትላለች። ድምፅዋ ቀንሷል። «የተሸፈነው ዓይኔ ነው፣ ጆሮዬ አይደለም። ምነው ታዲያ አንሄድም?»

ሞተሩን አጥፍቼ፣ ቁልፉን ነቅዬ፣ መዳፏ ላይ አስቀምጥላታለሁ።

በአውራ ጣቷ ትዳስሰዋለች። ጥርሱን፣ ቀለበቱን። ደሞ ጥርሱን።

«በእግር ይደረሳል?»

«በአቋራጭ ከወረድን ሳይመሽ እንደርሳለን» እላለሁ። እንደምንደርስ አላውቅም።

«በል ና ያዘኝ።»

ዞሬ በሯን እከፍታለሁ። ክንዴን ጭምቅ አድርጋ ይዛ አንድ እግሯን ታወጣለች፤ ጫማዋ አየር ላይ ዝቅ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ መሬቱን እየፈለገ።