የተሰነጠቀ ጥፍር

አባት በሕይወት ሳሉ፣ የግቢው ሾላ ቶሎ እንዲበስል ጥሬውን ፍሬ ነጭ ወተቱ እስኪወርድ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ይጭሩት ነበር። ጥፍራቸው መሐል ለመሐል የተሰነጠቀ ስለነበር ጭረቱ ሁልጊዜ ጥንድ ነው።

«ግማሹ የእህትህ ነው» ይሉት ነበር ልጃቸውን።

ልጅየው ግን አባቱን በቀበረ በወሩ እህቱን ባዶ እጇን አባረረና በሩን ቆለፈ። እሷም «ሾላ በድፍን ይሁን፣ ወንድሜ» ብላው ሄደች።

ዘንድሮ ማንም የነካው ሳይመስል የዛፉ ግማሽ ቀድሞ በሰለ። በመሰላል ወጥቶ ቢያይ፣ የበሰለው ሁሉ ጥንድ ጭረት አለበት።

«ያቺ ሌባ አጥር ዘላ ገብታለች!» እያለ ወረደ።

መሰላሉን የያዘችለት ሚስቱ እጁን ትኩር ብላ አየችው።

«አንተ፣ አውራ ጣትህን ምን ነካው?»

ጥፍሩ መሐል ለመሐል ተሰንጥቋል። ከሥሩ ያለው ነጭ ወተት ገና አልደረቀም።