«ሰው ሁሉ» ስንት ነው?

«አባዬ… እሁድ እሱን እንዳትለብስ። ፋሽን አይደለም።»

ጋሽ ኦይታ ዱንጉዛውን እያጠፈ ነበር። እጁ ባለበት ቆመ።

ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር… የጋሞ አባቶች በክብር ቀን የሚለብሱት።

ሽመናን ትቶ ጨርቅ ነጋዴ ከሆነ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ለልጁ ሠርግ ሲል ግን ተመልሶ የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። አርባ አንድ ቀን ተቀምጦ በገዛ እጁ ሸመነው።

1989 ዓ.ም. ነው። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ።

ያን ዓመት «ፋሽን» የሚለው ቃል ያልገባበት ቤት አልነበረም። ጫማው ፋሽን… የፀጉር ቁርጡ ፋሽን… ለለቅሶ የሚለበሰው ነጠላ እንኳ ፋሽን።

«ፋሽን ማለት ምንድነው ልጄ?»

«ሰው ሁሉ የሚለብሰው ነዋ።»

«ሰው ሁሉ ስንት ነው?»

ዓለምጸሐይ ሳቀች። አባቷ የማይቆጥረው ነገር የለም።

«እኔ እንጃ። ልብስ ሰፊዋን፣ ውብአየሁን ጠይቃት። እሷ ናት ያለችኝ።»

በማግስቱ ታክሲ ተሳፍሮ ወደ ላይኛው የከተማው ክፍል፣ ወደ ሴቻ ወጣ። መንገድ ላይ ቃሉን አራት ጊዜ ሰማው።

ውብአየሁ ከስፌት መኪናዋ ቀና አለች።

«እኔ ምን አውቄ ጋሼ… ከእትዬ ሻሺቱ ነው የሰማሁት። ከላንቴዋ ሙዝ ሻጭ።»

ተመልሶ ወረደ። ሻሺቱን ሲቀላ ገበያ ሙዟን ስትደረድር አገኛት።

«ዱንጉዛ ፋሽን አይደለም ያልሽው አንቺ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ላንቺስ ማን ነገረሽ?»

መደርደሯን አቆመች። ትክ ብላ አየችው…

«ትቀልዳለህ እንዴ ኦይታ?»

«ምነው?»

«የዛሬ ሰባት ዓመት ለባሌ ለኤርጫፎ ዱንጉዛ ልገዛ ሱቅህ መጣሁ። ‹ተይው እቴ፣ እሱ አልፎበታል። አሁን ፋሽኑ ኮት ነው፣ ሰው ሁሉ እየለበሰ ነው› አልከኝ። ይኸው ባሌ ብብቱን እያነቀው እስከ ዛሬ ይለብሰዋል። እኔም ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ።»

ጋሽ ኦይታ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ትዝ አለው። ከመርካቶ ያመጣው አርባ ኮት አልሸጥ ብሎት ነበር። ቃሉንም የሰማው እዚያው መርካቶ ነው።

ያን ቀን «ሰው ሁሉ» ሲል… ኮቱን የለበሰው ስንት ሰው ነበር?

አንድም።

ቤት ሲገባ ልጁ ጠበቀችው።

«እና አባዬ… ሰው ሁሉ ስንት ሆነ?»

«አንድ።»

«ማን?»

«እኔ።»

የሆነውን ነገራት።

እሁድ ሠርጉ ላይ ጋሽ ኦይታ ኮት ለብሶ ተቀመጠ።

ዱንጉዛው ግን ከሠርጉ አልቀረም… የሻሺቱ ባል ኤርጫፎ ትከሻ ላይ ነበር። ጋሽ ኦይታ ቅዳሜ መንደሩ ላንቴ ድረስ ይዞለት ሄዶ፣ «ያኔ ልትለብሰው የነበረው ይኸው» ብሎ ሰጥቶታል።

የሴቻ ወጣቶች ኤርጫፎን ከበቡት።

«ጋሼ፣ ይሄ ፋሽን ከየት መጣ?»

ሙሽራዋ ሰማች። ኮት ውስጥ የተጨነቀውን አባቷን አየች… አንገቷን ደፋች።

ጋሽ ኦይታ የጠየቁትን ብቻ ቆጠረ። አሥራ አንድ።

ወዳጆቼ… «ሰው ሁሉ» የሚባል ሰው የለም። መጀመሪያ የተናገረ አንድ ሰው አለ፤ እሱም ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ነገር ነበረው።

እናንተስ «ሰው ሁሉ ትቶታል» ተብላችሁ የተዋችሁት ነገር ምንድነው? መጀመሪያ የነገራችሁስ ማን ነበር?